ጽሕፈትሽ ያምራል

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ቦታው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ያን ዕለት እጄ ያደረገውን ነገር ግን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። እጄ ነው ያልኩት፤ እኔ አላዘዝኩትም።

መሠረት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት መቱ ነው። የተማርኩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሲሆን እውነቱን ለመናገር መርጬው አልነበረም። እኔ የፈለግኩት ፋርማሲ ነበር፤ ምደባው ሲወጣ ስሜ ኤሌክትሪክ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የመጀመሪያውን ጊዜ እያለቀስኩ ነው የተማርኩት።

በኋላ ግን አንድ መምህር ሞተር እንዴት እንደሚዞር ሰሌዳ ላይ ሣለልን። ሦስት ሽቦዎች አሉ። በሦስቱም ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እየተከተለ ነው። በዚህ መከታተል ምክንያት ውስጡ ያለው ብረት ማንም ሳይነካው ይዞራል። ከሦስቱ ሽቦዎች የሁለቱን ቦታ ብታለዋውጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን የሰማሁ ዕለት ምሳ ሳልበላ ማደሪያዬ ገብቼ ደጋግሜ ሣልኩት። ነገሩ በጣም አስደነቀኝ። ከዚያ ወዲህ የፋርማሲን ነገር አንስቼ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» በሚባል ቡድን ተደራጅተን ነበር የምንማረው። በእኛ ቡድን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን ለሚ የሚባል የቡድናችን ልጅ ደብተሬን ገልጦ አየና «መሲ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ሪፖርቱን አንቺ ጻፊልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ከማላውቃቸው ወንዶች መሀል ተቀምጬ ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶኝ ስለነበር ሥራ ማግኘቴ ገላገለኝ።

ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። እነሱ ሽቦ ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሚነግሩኝን ቁጥር እመዘግባለሁ። ሥዕሉን በማስመሪያ እያሰመርኩ፣ ሦስቱን ሽቦዎች በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ እስክሪብቶ እለያቸው ነበር። መምህሮቻችን የእኛን ሪፖርት ለሌሎች ቡድኖች ያሳዩ ነበር። ውጤታችንም ጥሩ ነበር።

ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ አያውቅም። እድሩም፣ የቀበሌው ኮሚቴም፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ሰብሳቢው ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት። ሰው ሲሰበሰብ አንዷን ፈልጎ እስክሪብቶ ይሰጣታል። እኔም ያደግኩት ይህንኑ እያየሁ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተትኩ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እመዘገባለሁ፤ የሚጠራኝ የለም። አጎቴ በሚያውቀው አንድ ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እንደሚያስገባኝ ለእናቴ ቃል ገብቶላት ነበር። እናቴም ይሻላል ብላ ታባብለኝ ጀመር። እኔ ግን እዚያ ከገባሁ ሞተሩ ወረቀት ላይ እንደተሣለ እንደሚቀር ይታወቀኝ ነበር። በዚህ መሀል ነው አንድ የቡና ድርጅት ለመፈልፈያ ጣቢያዎቹ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያዎች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ያወጣው። ይህ ካልተሳካ የአጎቴን ቢሮ እሺ ልል ከእናቴ ጋር ተስማማን።

የጽሑፍ ፈተናው መቱ ተሰጠ። አንደኛ ወጣሁ። ለሚም ተወዳድሮ እንደ ምንም ብሎ አልፎ ነበር። ቀጥሎ የተግባር ፈተና ቡሬ በኩል ባለው ጣቢያ እንደሚሰጥ ተነገረን።

እናቴ «ፈተና አይደል? ሰው መስለሽ ሂጂ» ብላ ጥቁር ጉርድ ተኩሳ፣ ነጭ ጫማ አውጥታ አለበሰችኝ። በሚኒባስ ጎሬን አልፈን ቡሬ ወረድን፤ ከዚያ በእግር ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጫማዬ ጣቢያው ሳልደርስ ነጭ መሆኑ ቀረ። ለሚና ሌሎቹ ተፈታኞች አሮጌ ሱሪ ለብሰው ነው የመጡት። አንድም ሰው ለእኔ አሮጌ ልብስ ልበሺ አላለኝም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ጣቢያው በቡና ልጣጭ ሽታ ታፍኗል። ቀዩን እሸት ቡና በጆንያ ያመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። እሸት ቡና ካደረ ይበላሻል፤ በመጣበት ቀን መፈልፈል አለበት። ፈተናው እስኪያልቅ ማሽኑ ስለቆመ ሰዎቹ ሁሉ እኛን ነው የሚያዩት።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከመቱው ዋና ቢሮ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ነው። ሌላው የጣቢያው ዋና መካኒክ ጋሼ ቶለራ ናቸው። ጋሼ ቶለራ ሽበት የወረራቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ሰውን ሁሉ በፍቅር የሚያናግሩ ሰው ናቸው። ሁላችንንም «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ቁርስ በልታችኋል?» ብለው ነው የተቀበሉን። ለእኔ ወንበር አስመጥተው፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። ወንዶቹ ቆሙ።

ፈተናው ቀላል ነበር። የመፈልፈያው ሞተር ሆን ተብሎ ሽቦው ተዛውሮ ታስሯል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ ሲዞር ማሽኑ ቡናውን መሳቡን ትቶ ይተፋዋል። አንድ በአንድ እየገባን ማስተካከል ነው። ሰው በጨረሰ ቁጥር ጋሼ ቶለራ እንደገና ያዛውሩታል። ለሚ ገብቶ ወዲያው ወጣ። በበሩ ሲያልፍ «ምንም የለውም፣ ለአንቺ ጨዋታ ነው» አለኝ።

ተራዬ ደረሰ። ኢንጂነሩ ማሽኑን አስነስቶ ሲዞር አሳየኝና አጠፋው። ችግሩን አስረጂ አለኝ። ከሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች የሁለቱ ቦታ ተለዋውጧል፤ የትኞቹንም ሁለት መልሰን ብናለዋውጥ ይስተካከላል፤ ምክንያቱም አልኩና ምክንያቱን ተነተንኩለት። ፊቱ በራ። እንዲህ ያስረዳው ሰው እስካሁን እንደሌለ ነገረኝ። ጋሼ ቶለራም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ዋቅ ያሳድግሽ፣ የዋዛ ልጅ አይደለሽም» አሉኝ። ከዚያ ኢንጂነሩ «በይ እሺ፣ ሥሪው» አለ።

ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ። የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩና ካቻቪቴ አነሳሁ።

ሦስቱም ሽቦዎች ጥቁር ናቸው። እኔ የማውቃቸው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነበሩ። መጀመሪያ በዚህ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ አሳርፌ ሳዞር ተንሸራተተ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተንሸራተተ። ምን ያህል መጫን እንዳለብኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የተገለጠልኝ። በሕይወቴ ብሎን ፈትቼ አላውቅም።

ስለ ሞተር የጻፍኩት ወረቀት ቢሰበሰብ ጆንያ ይሞላል። ለአንድም ቀን ግን በእጄ አልነካሁትም። እንዴት እስከዚያች ደቂቃ ሳይታወቀኝ እንደቀረ ዛሬም አይገባኝም። አፍሬ ሳይሆን ግራ ገብቶኝ ነው የቆምኩት። የገዛ እጄን የሰው እጅ ይመስል አየሁት።

በስንት መከራ አንዷን ብሎን አላላኋት። ከዚያ ከእጄ አምልጣ ሳጥኑ ሥር ወደቀች። በር ላይ የተሰለፉት ሰዎች ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ። ሳቅ አልነበረም፤ እያዘኑልኝ ነው።

ጋሼ ቶለራ ቀስ ብለው ተጠጉኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ተይው ልጄ። እጅሽ ይላጣል። አንቺ እየነገርሽኝ እኔ አስረዋለሁ» አሉና ካቻቪቴውን ከእጄ ወሰዱት።

ወሰዱት ስል ቀሙኝ ማለቴ አይደለም። እጄ ራሱ ተከፍቶ ሰጣቸው። ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቆሜ ነበር። ቀለል አለኝ። ኢንጂነሩም «ችግር የለውም፣ ዋናው እውቀቱ ነው፤ እሱ አላት» አለ። በቦታው ያለው ሰው ሁሉ እኔን ለመርዳት ነው የሚፈልገው። ጋሼ ቶለራ የመጀመሪያውን ሽቦ ፈትተው «ሜ፣ እስቲ፣ ቀጥሎ የትኛውን?» ብለው ዞረው አዩኝ።

ያ አቋቋሜ፣ ያ አንድ እርምጃ፣ የት እንደተማርኩት ታወቀኝ። ላብራቶሪ በገባን ቁጥር እንዲሁ ነበር የምቆመው። ሰው ይሠራል፤ እኔ ከጎን ሆኜ አያለሁ።

«ጋሼ ቶለራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መልሰው ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ካቻቪቴውን።»

ቅር የተሰኘሁ መሰላቸው። «ተቆጣሽ እንዴ ልጄ? እኔ እኮ እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁም ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ መልሱን ለማወቅ ብቻ ነበር የጓጓሁት። «ቀደም ብለው ለገቡት ልጆችም አስረውላቸዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

አሰቡ። «አላሰርኩም።»

«አንዳቸውም አልተቸገሩም?»

«አንዱማ ብሎኑን ሊሰብረው ነበር። ተቆጣሁት።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልተቆጡኝም?»

ጋሼ ቶለራ ካቻቪቴውን በእጃቸው አገላበጡት። «እንጃ» አሉ። «ለገዛ ልጄ የማደርገውን ነው ያደረግኩልሽ። ልጄ ኦብሴም መቱ ኮሌጅ ያንቺኑ ትምህርት ነው የምትማረው።»

«እሷስ እቤት ካሏችሁ መሣሪያዎች አንዱን ነክታ ታውቃለች?»

ካቻቪቴውን እጀታውን ወደ እኔ አድርገው ሰጡኝና ከሳጥኑ ራቅ ብለው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ላብ በላብ ነው። የወደቀችውን ብሎን ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አወጣኋት፤ የእናቴ ጉርድ እዚያው ላይ አበቃለት። ሽቦ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሲሰመር ጸጥ ብሎ ይተኛል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን ወፍራም ነው፤ ባጠፉት ቁጥር ተመልሶ ይነሳል። ከእሱ ጋር ስታገል ሦስቱም ተፈቱብኝ። የቱ የትኛው ቦታ እንደነበረ ተምታታብኝ። የጣቴ አጥንት ላይ ቆዳዬ ተገሸለጠ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ያያል። ውጭ አህዮች ያናፋሉ። እንደ ምንም ብዬ ሦስቱንም አሰርኩና ዋናውን መልሼ አብርቼ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ሞተሩ ተነሳ። ወደ ኋላ።

አሁን ሰው ሳቀ። በር ላይ ከነበሩት አንድ አዛውንት በኦሮምኛ «ይቺን ልጅ ወደ ቤቷ ስደዷት፤ ቡናዬ ሊበላሽ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። እንባዬ መጣ።

የትኛውን የት እንዳሰርኩ መለስ ብዬ አየሁ። ከመጀመሪያው የተለወጠ ነገር አለ። ሁሉም ሽቦ ከነበረበት ቦታ ተነስቷል። ታዲያ ለምን አቅጣጫው አልተለወጠም? ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ሦስቱንም አንድ አንድ ቦታ ነው ያሸጋሸግኳቸው። ሦስቱም አብረው ሲሸጋሸጉ መከታተላቸው እንዳለ ይቀራል። ማን ማንን እንደሚከተል አይለወጥም። ሞተሩ ሽቦው የት እንደቆመ ግድ የለውም፤ ተራውን ነው የሚያየው። ይህን ለፈተና ሸምድጄ ጽፌ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። እንዲህ ዓይኔ ሥር ሲዞር ግን አይቼው አላውቅም።

ሳቅኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ኢንጂነሩ ምን ነካት ብሎ ደነገጠ። «ገባኝ፣ ገባኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩት። አጠፋሁ፣ አረጋገጥኩ፣ ሁለቱን ብቻ ፈትቼ አለዋወጥኩ። በዚህኛው ጊዜ ብሎኑ እሺ አለኝ። ቁልፉን ስጫን ማሽኑ ቡናውን እየሳበ ቀይ ልጣጩን ወደ አንድ ወገን፣ ፍሬውን ወደ ሌላው ያፈስ ጀመር። ትምህርቱን ገና ያን ዕለት የተማርኩት ያህል ደስ አለኝ። አዛውንቱ ጆንያቸውን እየጎተቱ አልፈውኝ ገቡ፤ ዞር ብለውም አላዩኝም። ቡናቸው ነበር የሚያስጨንቃቸው።

ወደ ቡሬ ስንመለስ መንገድ ላይ ለሚን ጠየቅኩት። «ላብራቶሪ ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ ለምን ካቻቪቴ አልሰጠኸኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ግን ራሱ ቆመ። «እኔስ አንድ ቀን ሪፖርት ጽፌ አውቃለሁ? የጽሑፍ ፈተናው ላይ እኮ ሞቼ ነበር። ግን መሲ፣ እኛ ማንም ሳይሰጠን ነው ያነሳነው።»

«እናንተ ስታነሱ ማን ምን ይላችኋል?»

«ማንም ምንም አይልም» አለ።

ነገሩ አልለቀቀኝም። በሚቀጥሉት ቀናት አብረውኝ ለተማሩ ሴቶች ሁሉ እየደወልኩ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። በቡድናችሁ ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር? ጸሐፊ። ጸሐፊ። አንዷ «ሰዓት ያዥ ነበርኩ» አለችኝ። የአንዷ መልስ ግን አስገረመኝ። የዚህችን ልጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ። ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ራሷም መልሳ ለማንበብ ትቸገር ነበር። እሷም ጸሐፊ ነበረች።

«ምን ብለው ሰጡሽ?» አልኳት።

«ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ነዋ።»

ተሳሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። ለካ ስለ ጽሕፈቴ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ኢንጂነሩ ደውሎ ማለፌን ነገረኝ። እናቴ እልል አለች። ለሚ ኡካ በኩል ላለው ጣቢያ ተመድቧል። እኔን ግን መቱ ዋናው ቢሮ፣ እቅድና ሪፖርት ክፍል እንደሚያስቀምጡኝ ገለጸልኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ጭቃ የለ፣ ጉዞ የለ። «የጽሑፍ ፈተናሽን ሁላችንም ነው ያደነቅነው» አለኝ።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። አመስግኜ ጣቢያ መሥራት እንደምፈልግ ነገርኩት። ከልቡ ተገረመ። «እዚያ እኮ ማደሪያው አይመችም። መጸዳጃውም የወንዶች ብቻ ነው። ለአንቺ አስበን ነው መሠረት» አለኝ። እንዳሰበልኝ አምናለሁ። ያስቸገረኝም እሱ ነው። የሚያንቋሽሸኝ ሰው ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

«ለእኔ ካሰባችሁ ለመጸዳጃው አንድ በር ይሠራለት» አልኩት። «ደግሞ ጋሼ ቶለራን ይጠይቁልኝ። አልፈልጋትም ካሉ ሪፖርቱን እጽፋለሁ።»

ጋሼ ቶለራ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ምናልባት በዚያ ቀን ያሳፈርኳቸው መስሏቸው ይሆናል። ኢንጂነሩ ደወለላቸውና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ነገሩን ሲያስረዳቸው ከበስተኋላቸው ማሽኑ ይጮሃል።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ትምጣ» አሉ። «ግን ቱታው ይሰፋታል። በልኳ አሰፉላት።» ከዚያ ስልኩ ሊዘጋ ነው ስል ቀጠሉ። «ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦብሴን ከመቱ አስመጣታለሁ። ይቺው ልጅ ታሳያት። እኔ ካሳየኋት ካቻቪቴውን እወስድባታለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ ወደ ጠረጴዛው አየ። የምደባዬን ወረቀት አዞረና ጣቢያ ብሎ አስተካከለው።

ኦብሴ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣች። እንደ አባቷ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሳጥኑን ከፍቼ ካቻቪቴውን ሰጠኋት። ጋሼ ቶለራ ወደ ውስጥ አልገቡም። ውጭ፣ ግድግዳው ጋ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንዴ «ቆረጣት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልቆረጣትም ጋሼ» አልኳቸው። ትንሽ ቆርጧት ነበር። ኦብሴ ደሟን በጨርቅ ጠርጋ ሳቀችና ቀጠለች። አባቷ እስክትጨርስ ድረስ አልዞሩም። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ከባድ ነገር የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከሁሉ ያ መቆም የከበዳቸው ይመስለኛል።

አሁን የጥገና ሥራ ላይ ነኝ። በክረምት ጣቢያዎቹ ሲዘጉ መቱ ወፍጮ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ይጠሩኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ያን ዕለት ያገኘኋቸውን ሰዎችም እወዳቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም። ሆኖም ይቆጨኛል። ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዓመታቱን በሙሉ ተቀምጬ ሳሰምር ከረምኩ። ለምን እንደሆነ መልሱን ስፈልግ እንደ ጥፋተኛ የምይዘው ሰው አጣለሁ። አትንኪ ያለኝ ማንም አልነበረም። እንኪ ያለኝም አልነበረም።